ለማሳከክ ስለሚቀባው ቅባት
(ለእድራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



እድራችን የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በቁም ሳለንም መተሳሰቡ የእድር ሥራ ነውና፣ ለማሳከክ ስለሚቀባው ቅባት ጥቂት ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው። የማቀርብላችሁም ከሐኪም የሰማሁትንና ከመድኃኒቱ ወረቀት ያነበብኩትን ብቻ ነው።

ቆዳችን በችፌ ወይም በበረኪና ሲቆጣ ይቀላል፣ ያሳክካል። ለዚህ ከሚታዘዙት ለስላሳ ቅባቶች አንዱ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ የሚባለው ነው። ቁጣውን ያበርዳል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋም። በረኪናው ካልቀረ ማሳከኩ ይመለሳል።

አጠቃቀሙም እንደሚከተለው ነው። እጅን ታጥቦ፣ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ፣ የታመመው ቦታ ላይ ብቻ ስስ አድርጎ መቀባት። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የወጣ ቅባት፣ ከነጣቱ 2 የአዋቂ መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል። በ7 ቀን ካልተሻለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ዓይን አጠገብ፣ ፊት ላይ፣ መግል የያዘ ቁስል ላይ፣ እንዲሁም ለሕፃን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር አያታልላችሁ። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ይላል፤ ቁጥሩ ሲታይ ከ1 በመቶው ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ጉልበቱ እጅግ ይበልጣል! ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስሙን አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ።

ሌላው ደግሞ፣ ያሳከከ ሁሉ ችፌ አይደለም። ጭርት ላይ ይኼ ቅባት ሲቀባ ቅላቱ ለጊዜው ይጠፋል፤ እናትም ልጄ ዳነ ትላለች። ጭርቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይሰፋል፣ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙን ሳይቀር ያሳስታል። እከክም ቢሆን የራሱ መድኃኒት አለው።

ለእኅቶቼና ለልጆቼ ደግሞ የምለው አለ። ፊት ያቀላል እየተባለ የሚሸጠው አንዳንዱ ቅባት ውስጡ ይኸው ብርቱ መድኃኒት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ያወጣል። ለብዙ ጊዜ የተቀባች ሰው በድንገት ስታቆም ፊቷ ሊቀላና ሊያቃጥላት ስለሚችል፣ እንዴት እንደምትተወው ሐኪም ታማክር። አታፍር፤ እኛም አንስቅባት።

ወገኖቼ፣ እሳትም ጨውም ተበዳድረን ኖረናል፣ ወደፊትም እንኖራለን። የቅባት ቱቦ ግን አንዋዋስ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነውና፣ አደራ።