ሰትር የበዳይ መደበቂያ አይደለም
(በአሰቦት ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለጆሮ ይከብዳል። ሆኖም ልጆቻችን የሚሸከሙትን እኛ ለመስማት ልንፈራ አይገባም። ጉዳዩ ገንዘብ፣ ሥልጣን ወይም ዝና ያላቸው ሰዎች የድሃ ልጆችን አባብለው ክብራቸውን የሚደፍሩበት ዙልም ነው።

ይህ ዙልም ብዙ ጊዜ በጉልበት አይጀምርም፤ በውለታ ይጀምራል። ከገጠር መጥታ በአሰቦት፣ በሚኤሶ ወይም በጭሮ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ኪራይ ይጎድላታል። የሚከፍልላት ሰው ይመጣል። ቀጥሎ ስልክ ይገዛላታል፤ ለእናቷ ስኳርና ዘይት ይልካል፤ «እንደ ልጄ ናት» ይላል። ከዚያ «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚባል ነገር ይከተላል። ያን ጊዜ ልጅቷ መናገር ብትፈልግም ውለታው አፏን ይይዛታል። ቤተሰብ ያፍራል፤ ጎረቤት ሰውየውን ይፈራል። ወንዶች ልጆቻችንም ከዚህ አያመልጡም። በእነሱ ላይ ሲደርስ እንዲያውም ዝምታው ይብሳል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን ወሎን እናስታውስ። ጃሪ በሚባለው ቦታ ቴር ዴ ዞም የተባለ የስዊዘርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች መንደር ነበረው። የመንደሩ ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊ ዴቪድ ክሪስቲ፣ እንዲጠብቃቸው የተሰጡትን ወንዶች ልጆች ደፈረ። ልጆቹ ምግባቸው፣ መኝታቸውና ትምህርታቸው በእጁ ነበር፤ ለማን ይናገሩ? ድርጅቱ ነገሩን አልሸፈነም ወይ ብለው የጮኹ አንድ የብሪታንያ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1999 በስም ማጥፋት ተከሰው ሴትየዋ እስከ መታሰር ደረሰች። በዳዩ ነጻ እየሄደ የተናገረው ታሰረ ማለት ነው። ክሪስቲ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት እስራት የተፈረደበት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

በአሜሪካም ጄፍሪ ኤፕስታይን የተባለው ባለሀብት ችግረኛ ተማሪዎችን በገንዘብ እያባበለ፣ አንዷን ሌላዋን እንድታመጣ እየከፈለ ለዓመታት ኖረ። ከመሪዎችና ከታዋቂ ሰዎች ጋር ይቀመጥ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2008 የተፈረደበት ቅጣት ለስም ያህል ነበር፤ ቀን ቀን ከእስር ቤት እየወጣ ቢሮው ይውል ነበር። እንደገና የተያዘው በ2019 ነው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የመጀመሪያው የፖሊስ ምርመራ በ2005 የተከፈተው የ14 ዓመት ልጅ ወላጅ ሄዶ ስላመለከተ ነው። ያን ሁሉ ሀብት ማነቃነቅ የጀመረው የአንድ ወላጅ አቤቱታ ነበር።

እዚህ ላይ «የሙስሊምን ነውር መሸፈን ታዘናል» የሚል ይኖራል። ሰትር ሰው በራሱ ላይ ለሠራው፣ ለተጸጸተበት ወንጀል ነው። መዝሉም ያለበትን በደል መሸፈን ግን ዙልሙን ማገዝ ነው። ከበኑ መኽዙም ጎሳ የሆነች የትልቅ ቤተሰብ ሴት በሰረቀች ጊዜ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ሊያማልዱ ሲሞክሩ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን ያህል እንደተቆጡ ሁላችንም ተምረናል። ትልቁን አልፎ ደካማውን መቅጣት ከእኛ በፊት የነበሩትን ያጠፋ ነገር መሆኑን ነው ያስጠነቀቁት። ታዲያ ስለ ስርቆት እንዲህ ከተባለ፣ ስለ ልጅ ክብር እንዴት እንለሳለስ? ሰውየው መስጂድ ያሠራ፣ ረመዳን በመጣ ቁጥር የሚያስፈጥር ቢሆንም ሚዛኑ አይለወጥም።

«ቀዝፍ እንዳይሆንብን» የሚል ስጋትም አለ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ስም እየጠሩ በርጫ ላይ ማማት ቀዝፍ ውስጥ ሊጥል ይችላል። ልጅ የነገረችንን ለመርማሪ ማድረስ ግን ሐሜት አይደለም፤ አማና ነው። እውነቱን አጣርቶ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 እና 627 መሠረት ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መድፈር ከባድ ወንጀል ነው። «ፈቅዳ ነው» ማለት አያድንም። አድራጊው አስተማሪዋ፣ አሳዳጊዋ ወይም አሠሪዋ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። በ1949ኙ ሕግ ደፋሪው ልጅቷን ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር፤ ዛሬ ያ በር ተዘግቷል። ስለዚህ በጃርሱማ ተቀምጦ በካሳ ወይም በኒካሕ መጨረስ ልጅቷን ሁለተኛ ጊዜ መበደል ነው።

ከሁላችንም የሚጠበቀው ይህ ነው። ልጅ ስትናገር ሳንቆጣና ሳናቋርጥ እንስማት፤ «ለምን ሄድሽ?» አንበል። ልብሷ ሳይታጠብ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል እንውሰዳት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ፖሊስ እንሂድ፤ ብቻዋንም አንላካት። የኪራይና የደብተር ችግር ያለባቸውን ተማሪዎች ጀማዓው በግልጽ፣ በኮሚቴ ይርዳ፤ ማንም ግለሰብ ለብቻው ባለውለታ እንዳይሆንባቸው።

ጥበቃው ከራሳችን ቤት ይጀምር። በመድረሳ የትኛውም ኡስታዝ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ፤ ልጅን ወደ ቤቱ አይላክ። እኛ አስተማሪዎች በዚህ ደንብ ቅር ልንሰኝ አይገባም። ወላጅም መጥቶ ይጠይቀን፤ ይመልከተን።

ከባለሥልጣን ፍትሕ የምንጠይቅ ሕዝብ ነን። የጠየቅነውን ፍትሕ በየቤታችን ላሉ ደካሞች ልንከለክል አንችልም።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለመዝሉም የምንቆም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።