የቡና ቁርስና የስኳር ሚዛን
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከቀትር በኋላ በሊሙ ገነት ከተማ መንደር ለመንደር የሚያልፍ ሰው፣ ከየደጁ የሚወጣው የተቆላ ቡና ሽታ ሳያውደው ከቤቱ አይደርስም። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ጀበናው ከከሰሉ ላይ ተጥዶ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ይቀመጣል። በዚህ ገበታ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። አንደኛው ቆሎ ወይም ንፍሮ፣ ይኸውም የቡና ቁርስ የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ስኳር ነው። የዚህ ንግግር ርእስም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ሰውነትን የሚጠብቅና መንፈስን የሚያረጋጋ አመጋገብ ከጥቂት ጣፋጭ ነገር ጋር ባንድ ገበታ ሊኖር ይችላልን? የሚችል ከሆነስ በምን ልክ?

ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በሙያው የተከበረ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ አንድ መሐንዲስ ይታሰብ። ጧት ቁርስ ሳይቀምስ ወደ ሥራው ይወጣል፤ ስኳር የበዛበት ማኪያቶ ይጠጣል፤ ሥራ ሲበረታ ምሳውን ይዘለዋል፤ ከቀትር በኋላ ድካም ሲሰማው በጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ይበረታል። ማታ ቤቱ ሲገባ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፤ የቁጣውንም ምክንያት ራሱ አያውቀውም። አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ሲመረመር የደሙ ስኳር ከፍ ማለቱ ይነገረዋል። ደንግጦም ከእንግዲህ ጣፋጭ የሚባል ነገር አልቀምስም ብሎ ይምላል። ስኳሩን ሲሸሽ ቡናውን፣ ቡናውን ሲሸሽም ጎረቤቱን ይሸሻል። ጥቂት ወራት ቆይቶ መሐላው ሲፈርስ ግን ከቀድሞው የባሰ ይሆናል። የዚህ ሰው ስሕተት ሁለት ነው፤ በመጀመሪያ ልክ አላበጀም፣ ኋላም ልክ ማበጀት ሲገባው ገበታውን በሙሉ አፈረሰ።

እንደሚታወቀው ሁሉ ስኳር ለቡናው ገበታ እንግዳ እንጂ ነባር አይደለም። ሊሙ በ19ኛው ምእት ዓመት ከጊቤ መንግሥታት አንዱ በነበረው በሊሙ እናርያ ዘመን፣ በአባ ባጊቦ አገዛዝ ሥር፣ የታወቀ የንግድ አገር ነበር። በብዙ የገጠር ቤት ቡና በጨው ወይም በቅቤ ይጠጣ ነበር፤ ዛሬም በዚሁ መልክ የሚጠጣበት ቤት አልጠፋም። የኦሮሞ ሕዝብ ቡና ቀላ የሚለው፣ የደረቀው ቡና ከነገለባው በቅቤ የሚዘጋጅበት ሥርዐት፣ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምግብም ጭምር ነው። ጣፋጭ ሲያስፈልግ ማር ነበረ፤ ጠጅ ለማይጠጣውም ብርዝ ይቀርብለት ነበር። ማር ግን ከቀፎ የሚቆረጥበት ወቅት ያለው፣ ለእንግዳና ለበዓል የሚቆጠብ ነገር ስለ ነበር፣ ልኩን ራሱ ያበጅ ነበር። በኔዘርላንዱ ኤች. ቪ. ኤ. ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ. ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ስኳር ቀስ በቀስ የዕለት ተዕለት ዕቃ ሆነ። ወቅት ያበጀው ልክ ሲቀር፣ ሰው በራሱ ፈቃድ የሚያበጀው ልክ ሊተካው ይገባ ነበር፤ ይህ ግን አልሆነም።

እንግዲህ ልኩ ምን ያህል ነው? የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ እንዲሁም በማርና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለው ጭምር፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከመቶ 5 እጅ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ይሆናል። ሙሉው ፍራፍሬ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

አሁን ይህ ቁጥር ከረከቦቱ ጋር ይመዛዘን። ሳይቆለል የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናል። በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በአቦል፣ በቶናና በበረካ 24 ግራም ስኳር ይወስዳል፤ ይህም ከአንድ መቀመጫ ሳይነሣ የቀኑን ዝቅተኛ ልክ ጨረሰ ማለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ድምሩ 72 ግራም ይደርሳል። ለስላሳ መጠጡ ገና አልተቆጠረም።

ይህ መጠን የሚነካው ጥርስንና ወገብን ብቻ አይደለም። በብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ለረዥም ጊዜ ከተካሄደው የኋይትሆል ጥናት የተገኘና በ2009 ዓ. ም. የታተመ ውጤት እንደሚያሳየው፣ በቀን ከ67 ግራም በላይ ስኳር ከጣፋጭ ምግብና መጠጥ የሚያገኙ ወንዶች፣ ከ40 ግራም በታች ከሚያገኙት ይልቅ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በጭንቀትና በድብርት የመያዛቸው ዕድል ከመቶ 23 እጅ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ስኳሩ የሕመሙ መነሻ መሆኑን ለብቻው አያረጋግጥም፤ ነገር ግን የማታውን ቁጣ ለማያውቅ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል።

በዚያው በ2009 ዓ. ም. በአውስትራልያ በፌሊስ ጃካ የሚመሩ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። በድብርት የታመሙ 67 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለ12 ሳምንታት ክትትል ተደረገላቸው። ለአንደኛው ወገን አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ፍራፍሬና ዓሣ የበዛበት አመጋገብ ተመከረ፤ ለሁለተኛው ወገን ጨዋታና አብሮነት ተሰጠው። በመጨረሻ ከሕመሙ የተላቀቁት ከመጀመሪያው ወገን ከመቶ 32፣ ከሁለተኛው ከመቶ 8 ነበሩ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ ምግብም የሐኪምን ሕክምና አይተካም። ይሁን እንጂ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ይህ አመጋገብ ጣፋጭን ፈጽሞ አለመከልከሉ ነው፤ ጣፋጭና የመሳሰለው ሁሉ በሳምንት ከሦስት ጊዜ እንዳይበልጥ ወሰነ እንጂ።

ወደ ሊሙ ገነት ገበታ ሲመለሱ፣ የሚፈለገው ነገር አብዛኛው ቀድሞውንም በሰፌዱ ላይ እንደ ነበረ ይታያል። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ባቄላውና ስንዴው ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ደምን በስኳር አያጥለቀልቁም፤ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ የሚወርድ ብርታትም አይሰጡም። ጅማና አካባቢዋ የሚያፈሩት አቮካዶም ከነተፈጥሮው መልካም ምግብ ነው፤ በጭማቂ ቤት ስኳር በላዩ ሲፈስበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። አብሮነቱም፣ ምግቡም ባንድነት የሚገኙበት ገበታ ይህ ስለሆነ፣ ሊፈርስ ሳይሆን ሊስተካከል ይገባዋል።

ማስተካከያውም ቀላል ነው። በአቦሉ አንድ ማንኪያ ስኳር ይጨመር፤ ቶናውና በረካው ያለ ስኳር ይጠጡ። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚጠጣ ሰው ድምሩ 8 ግራም ይሆናል። ከ25ቱ 17 ግራም ይተርፋል ማለት ነው፤ ይህም በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ነው። ስለዚህ ሰውየው ትኩስ ዳቦውን ማር ቀብቶ፣ ሳይሳቀቅና ሳይቸኩል፣ ከጎረቤቱ ጋር እየተጫወተ ሊበላ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ልኩን ከሐኪሙ ይቀበል።

ያለ ስኳር የሚጠጣው ሲኒ እንደ ቅጣት መቆጠር የለበትም። የሊሙ ቡና በዓለም ገበያ የታወቀው ወይንን በሚያስታውስ ጣዕሙ ነው። ይህ ጣዕም እንዳይጠፋ ገበሬው ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል፤ በማጠቢያው ጣቢያ ያለው ሠራተኛ ይፈለፍላል፣ ያብላላል፣ ያጥባል፤ ከዚያም በአልጋ ላይ አስጥቶ እያገላበጠ ያደርቃል። ይህ ሁሉ ድካም በሁለት ማንኪያ ስኳር ሲሸፈን፣ የአገሩ ሰው ባሕር ማዶ በውድ ዋጋ የሚፈለገውን የራሱን ቡና ሳይቀምሰው ይቀራል። ምላስ ደግሞ ቀስ በቀስ ከቀነሱለት ይለምዳል።

ማር ሲበዛ ይመራል ይባላል። አበው በዚህ አባባል ማሩን አልነቀፉም፤ መብዛቱን እንጂ። ሸክም ሲከብድ ድልድዩን ማፍረስ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም፤ ድልድዩ የሚችለውን አስልቶ ማሳለፍ ነው እንጂ። በምሳሌ የተነሣው ሰውም ወደ ጎረቤቱ ደጅ ይመለስ፤ ከሰፌዱ ቆሎውን ይዝገን፣ አቦሉን በአንድ ማንኪያ አጣፍጦ፣ በረካውን እንዳለ ይጠጣ፤ ተመራርቆም ይነሣ።