የልጆች ማለዳ ከወላጆች ምሽት ይጀምራል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ!

ዛሬ የምንናገረው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙዎቻችን ቤት የሚገኝ ነው። በሰንበት ማለዳ ሕፃኑ ቀድሞን ይነቃል። ነጠላውን ለብሶ፥ ጫማውን አድርጎ፥ ከመኝታችን አጠገብ ይቆማል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደውሏል። እኛ ግን እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ፊት አምሽተናልና፥ «ጥቂት ቆይ» እንለዋለን። ያችም ጥቂት ቆይታ አንድ ሰዓት ትሆናለች። ሳይበላ ቅዱስ ቍርባንን ሲጠባበቅ የነበረው ልጅ ቅዳሴው ተጋምሶ ይደርሳል፤ በዚያም ቀን ሳይቈርብ ይመለሳል። ይህ ጉዳት ትንሽ ነውን?

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈ፥ ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት የእግዚአብሔርን ጥሪ ሰምቶ የካህኑ የዔሊ ድምፅ መሰለውና ሦስት ጊዜ ወደ እርሱ ሮጠ። ዔሊ ሽማግሌ ነበረ፤ ዓይኖቹም ፈዝዘው ነበር። ቢሆንም ብላቴናው ከመኝታው ስላወከው አላባረረውም። በሦስተኛው ጊዜ የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተውሎ፥ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተማረው። ሳሙኤልም በነጋ ጊዜ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ። እንግዲህ ልጃችን በማለዳ ሲቀሰቅሰን ማን እንደ ጠራው ለማስተዋል ከዔሊ እንማር።

መንቃት ብቻውን ነቀፋ የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ በማኅሌት ታድራለችና። የሚጠየቀው የምንነቃበት ምክንያት ነው። ዘበኛው፥ ነርሷ፥ ዳቦ ጋጋሪው በሌሊት የሚደክሙት ለልጆቻቸው እንጀራ ነው። እነዚህን የሚወቅስ አይኑር፤ ይልቁንም አያት፥ የክርስትና አባት ወይም እናት፥ ጎረቤትም ቢሆን ልጃቸውን ከልጆቹ ጋር ይዞ ይሂድላቸው።

ሥራ ሳያስገድደን የምናመሽ ግን ምን እናድርግ? በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሰንበት የሚገባው ከዋዜማው ማታ ነው። የልጃችንም ሰንበት የሚጀምረው ቅዳሜ ማታ መሆኑን እንወቅ። የጤና ሊቃውንት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፥ አዋቂም ቢያንስ 7 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራሉ። ልጁ ከምሽቱ በ2 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ቢነሣ 9 ሰዓት ዐረፈ ማለት ነው። በ6 ሰዓት የተኛ አባት ግን በዚያው ጊዜ ቢነሣ ያገኘው 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ በማለዳ መቈጣቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ራት በጊዜ ይቅረብ። የልጆች ነጠላ ተዘጋጅቶ ይደር። የእጅ ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይቀመጥ። ቤተሰቡ በአንድነት ጸልዮ መብራቱን ያጥፋ። ልማድ በአንድ ቀን አይለወጥምና፥ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያቅተን ተስፋ አንቍረጥ።

ልጆቻችን አድገው ከቤታችን ይወጣሉ። በማለዳ መጥተው የሚቀሰቅሱን ዓመታት ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ እጃችንን ሲስቡን አብረናቸው እንነሣ፤ ነገ እኛ ብንጠራቸው እንዲሰሙን።

እግዚአብሔር አምላካችን ከልጆቻችን ጋር በማለዳ በቤቱ ያቁመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።