ጨረታው ሣጥኑ ሲከፈት አያልቅም!

(በግሉ የሚሠራ አንድ ጋዜጠኛ አዳማ ላይ ለተሰበሰቡ ነጋዴዎች፣ ሥራ ተቋራጮችና ነዋሪዎች ያደረገው ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ ጨረታ ተናገር ተብዬ ከጎርፍ ብጀምር አትገረሙ። አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የታጠረች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ከላይ የወረደው ውኃ ማረፊያው መሐል ከተማ ነው። ስለዚህ እዚህ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጌጥ አይደለም፤ የቤትና የሱቅ፣ አንዳንዴም የነፍስ ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ቦዩን የሚሠራው ማነው? በምን ተመረጠ? በስንት ተዋዋለ? የጨረታ ጉዳይ ማለት ይኸው ነው። የሹምና የኮንትራክተር የጓዳ ጨዋታ አይደለም።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ ሞልቷል። የፌዴራሉ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 430ን፣ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 649ን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1333ን አውጥቷል። አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔ የሚገዙት በኦሮሚያ ክልል ሕግ ቢሆንም መርሁ አንድ ነው፤ ዋናው መንገድ ግልጽ ጨረታ ነው። ውስን ጨረታና ቀጥታ ግዢ በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ የሚኬድባቸው ናቸው።

ታዲያ ሐሜቱ ከየት መጣ? ብዙዎቻችን ዓይናችንን የምንጥለው ሣጥኑ ላይ ስለሆነ ነው። ሣጥኑ በሰው ፊት ይከፈታል፤ ዋጋው ይነበባል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን እላለሁ፤ ነገሩ የሚበላሸው ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊትና ሥራው ከተሰጠ በኋላ ነው።

የበፊቱን እንይ። መጀመሪያ መሥፈርቱ አለ። ልብሱ በአንድ ሰው ልክ ይሰፋና “ልኩ የሆነ ይልበስ” ይባላል። ቀጥሎ ሥራ መሸንሸን አለ። አንዱ ትልቅ ሥራ አምስት ቦታ ይቆረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ ከግልጽ ጨረታ ጣሪያ በታች ይሆናል፤ ከዚያ በፕሮፎርማ ያልቃል። ሕጉ ይህን የሚከለክለው ወዶ አይደለም። ሌላው ደግሞ ሦስት ፖስታ አንድ እጅ የምንለው ነው። ሦስት ተጫራች ቀርቧል ይባላል፤ ሦስቱን ዋጋ የጻፈው ግን አንድ ሰው ነው።

ወደ ኋላው ስንመጣ ዘዴው ይብሳል። አንዱ አለቅጥ ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጥና ያሸንፋል። ቅድመ ክፍያውን ይወስዳል። ጥቂት ወር ቆይቶ “ተጨማሪ ሥራ” ይመጣል፣ “የዋጋ ማስተካከያ” ይከተላል፤ ሲደመር ተሸንፎ ከሄደው ሰው ዋጋ ይበልጣል። እውነተኛውን ሒሳብ ጽፎ የገባው ሰው ሞኝ ተባለ ማለት ነው! ሣጥኑ ሲከፈት ያጨበጨበው ሕዝብ ይህን ሁለተኛውን ሒሳብ አያየውም።

ይህ ሁሉ ጨረታ እያለ ነው። ጨረታ ጭራሹን ሲቀርስ? በኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስለ ሜቴክ የተናገሩትን አስታውሱ። ከውጭ የተፈጸመ የ37 ቢሊዮን ብር ግዢ ያለ ጨረታ መከናወኑን ነበር ያስታወቁት። ይህ የተነገረው ግን ነገሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

“ጨረታ ጊዜ ይፈጃል፤ ልማት አይጠብቅም” የሚሉ አሉ። ጊዜ መፍጀቱ እውነት ነው። ግን ተጣድፎ የተሠራ ቦይ በሁለተኛው ክረምት ሲፈርስ የሚፈጀው ጊዜና ገንዘብስ? ዛሬ በየከተማው የኮሪደር ልማት እየተባለ ይቆፈራል፤ ይፈርሳል፤ ይገነባል። ሥራው ለማን፣ በስንት፣ በየትኛው የግዢ መንገድ ተሰጠ ብሎ መጠየቅ ፀረ ልማት ሊያሰኝ አይገባም። ከፋዩ እኛ ነንና!

“ጨረታ ድሃውን ይጥላል” የሚለውንም እሰማለሁ። በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች የኮብልስቶን ሥራ መስጠት ነውር የለውም፤ ልዩ አስተያየት ማድረግ ሕጋዊ ነው። ነውሩ የትኛው ማኅበር ለምን ተመርጦ የትኛው ለምን እንደቀረ የሚገልጽ ዝርዝር ሳይለጠፍ ሲቀር ነው።

ማድረግ አንችልም እንዳይባል ምስክር አለኝ። የዓለም ባንክ በ2000 ዓ.ም. በጀመረው የከተሞች ልማት ፕሮግራም አዳማም ነበረች። በ2010 ዓ.ም. በተከተለው ፕሮግራም የከተሞቹ ቁጥር 117 ደረሰ። የከተሞቹ አፈጻጸም፣ ግዢያቸውም ጭምር፣ በየዓመቱ ይመዘን ነበር፤ ገንዘቡም ከውጤቱ ጋር የተያያዘ ነበር። እንግዲህ ለፈረንጅ ገንዘብ መዝገብ መክፈት ከተቻለ፣ ከሻይ ቤቱና ከጋራዡ ለሚሰበሰበው ግብር ምን ይከለክላል? ጦርነት ላይ ያለችው ዩክሬን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ፕሮዞሮ በተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተጫራቹን፣ ዋጋውንና ውሉን ለማንም ሰው ክፍት አድርጋለች።

የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሥራ በሰጠ ቁጥር የአሸናፊው ስም፣ ዋጋው፣ የተሸነፉትና የተሸነፉበት ምክንያት በሰሌዳ ይለጠፍ። በኋላ የተጨመረ እያንዳንዱ ብርም እዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቅሬታ ደግሞ ከከንቲባው ሥር ባልሆነ አካል ይታይ። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 649 እንኳ ተበዳይ መጀመሪያ አቤት የሚለው ለዚያው ለበደለው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነበር። አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ ማለት ይኸው አይደል?

በመጨረሻ ለእናንተ ለተቋራጮች አንድ ቃል አለኝ። “ነገም ሌላ ጨረታ አለብኝ፤ ዛሬ ከጮኽኩ ይጠምዱኛል” እንደምትሉ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ዛሬ ዝም ያላችሁለት ግን ነገም ፖስታውን ለሌላ ያዘጋጃል። ለብቻ መጮህ ካስፈራ በማኅበር ጩኹ። እኛ የጋዜጣ ሰዎችም ወረቀታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ እንጽፋለን፤ ያለ ወረቀት ግን ሐሜት ነው።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት የወረስነው ከአባቶቻችን ነው። ለልጆቻችን ባናወርሰው ምናለበት?