አደጋ ያለበት ጨዋታ እንዴት ይታቀዳል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ ተነግሯል። እኔ ግን ስለ ጨዋታ ልናገር ተነሥቻለሁ። ጨዋታውም በሜዳ የሚደረግ ሳይሆን በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በቃል የሚደረግ ነው። ታሪኩ የሚፈጸምበት ስፍራ የአስማት ትምህርት ቤት ነው፤ በውስጡም አደጋ አለበት፤ ተጫዋቹ የያዘው ሰው ሊሞት ይችላል። ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል፤ አንዳንድ ወላጆችም ትደነግጡ ይሆናል። ሁለታችሁንም ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ላስረዳ የማስበው ነገር አንድ ብቻ ነውና፤ ይኸውም ለሌላ ሰው አደጋን የሚያቅድ ሁሉ አስቀድሞ ራሱን በሕግ ማሰር የሚገባው መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ የጨዋታውን ዐይነት ልግለጽ። አራት ወይም አምስት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው በሐሳብ የፈጠሩትን አንድ ሰው ይይዛሉ፤ ስሙን፣ ጠባዩን፣ ብርታቱንና ድካሙን በወረቀት ይጽፋሉ። ሌላው አንድ ተማሪ የጨዋታ መሪ ይሆናል። መሪውም «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሚያነብ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቾቹ ተማክረው ይመልሳሉ። ሥራቸው መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ የሚባለው ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠር ይጣላል። እንዲህ እየሆነ ታሪኩ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይቀጥላል፤ አንዳንዱም ዓመት ሙሉ ይፈጃል።

ይህ ነገር ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሕፃናት ማታ ማታ እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እርሱም አዳማን ወይም ሻሸመኔን ይሰጣል። የሰጠው አገር የእርሱ አልነበረም፤ የተቀበለውም ልጅ አይገዛውም። ነገር ግን ሰጪው በእውነት ያዝናል፤ ተቀባዩም በእውነት ይኮራል። ያ ኪሳራ ባይኖር ኖሮ እንቆቅልሹን ለመፍታት ማንም አይጨነቅም ነበር። አደጋ በጨዋታ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሊጠፋ የማይችል ነገር ሲገኝም ደስ አያሰኝም።

አሁን በዓለም የታወቀው ጨዋታ የመጣበትን መንገድ በአጭሩ ላመልክት፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1824 ሬይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን በካርታ ላይ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ለጦሩ አለቆች አቀረበ። በዚያ ጨዋታ ሁለቱን ወገኖች የሚዳኝ ሰው ነበረ፤ የዛሬው የጨዋታ መሪ የዚያ ዳኛ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በ1974 ደግሞ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ አወጡ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበረ። ጨዋታው የወጣባት ሌክ ጄኔቫ በዊስኮንሲን ግዛት በሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እኛም በሐይቅ ዳር ባለችው በባቱ የምንኖር ነንና ትልቅ ሐሳብ ከትንሽ ከተማ አይወጣም ማለት አይገባንም።

የአስማት ትምህርት ቤትም በልብ ወለድ የታወቀ ነው። ዛሬ ሁላችሁም የምታውቁት በ1997 መውጣት የጀመረውን የሃሪ ፖተርን ታሪክ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን በ1968 ኡርሱላ ለጉዊን የተባሉ አሜሪካዊት ደራሲ ሮክ በምትባል ደሴት ላይ ስላለ የአስማት ትምህርት ቤት ጽፈው ነበር። በእርሳቸው ታሪክ ትልቁን አደጋ ያመጣው ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፤ ከጓደኛው በልጦ ለመታየት የቸኮለ አንድ ተማሪ ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

ወደ አገራችን ስንመለስ እንዲህ ያለውን ታሪክ ከውጭ መዋስ የማያስፈልገን መሆኑን እናያለን። በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ያልፋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እያሳደደው ይማራል። ለቅኔ ወደ ዋድላ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ በእግሩ ይጓዛል። መምህራኑም ወንዶች ብቻ አልነበሩም፤ ዐይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም የታወቁ የቅኔ መምህር ነበሩ። ስለዚህ በጨዋታችን ሴት ልጅ የመምህርነትን ወንበር ብትይዝ ከእውነት አልራቅንም።

በዚሁ ዓለም ጫፍ ደግሞ ሌላ ወሬ ይነገራል። ስለ ጠልሰምና ስለ ክታብ፣ ስለ አውደ ነገሥት፣ ስለ ስውር ስሞች ይወራል። አብሾ የጠጣ ተማሪ አእምሮው ይከፈትለታል፤ የሰማውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ መጠጥ ከቀመሰ ያብዳል ይባላል። አደጋን ለሚያቅድ ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም። ኀይሉ ትልቅ ነው፤ ዋጋውም አስቀድሞ ታውቋል፤ የሚጠጣውም ተማሪው ራሱ ነው። በእውነተኛው ኑሮ ግን እንዲህ ያለ መድኃኒት መርዝ ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ።

ወላጆች በዚህ ቦታ «ይህ ነገር ከሃይማኖት ጋር አይጋጭምን?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው የተገባ ነው። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላንና አስማትን አጥብቀው የተቃወሙ ንጉሥ ነበሩ። በአሜሪካም በ1980ዎቹ ዓመታት ይህ ጨዋታ ወጣቶችን ወደ ሰይጣን አምልኮና ራስን ወደ መግደል ይመራል የሚል ብርቱ ክስ ተነሥቶበት ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ክሱን አላረጋገጡትም። ይሁን እንጂ ክሱ ሐሰት ነው ብሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም። በባቱ በአንድ ጠረጴዛ ኦርቶዶክሱ፣ እስላሙ፣ ፕሮቴስታንቱና ዋቄፈታው አብረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ እንዲህ ይሁን፤ የማንም ጸሎት፣ የማንም ቅዱስ ስም፣ የማንም መጽሐፍ በጨዋታው ውስጥ እንደ ድግምት አይጠራም።

እንግዲህ ዕቅዱን እንጀምር። ሐይቃችን ዝዋይ፣ በሌላ ስሙ ደምበል፣ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ከመቂና ከቀታር ወንዞች ውኃ ይቀበላል፤ በቡልቡላም ወደ አብያታ ይሰዳል። በላዩ የታወቁ አምስት ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላና ፉንዱሮ ናቸው። ቱሉ ጉዶ ላይ ባለችው በደብረ ጽዮን፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ ቆይታለች የሚል ትውፊት የዛይ ሕዝብ ይዞ ኖሯል። ይህ የሰው እምነትና ቅርስ ስለ ሆነ መጫወቻ አናደርገውም። በካርታችን ላይ ስድስተኛ ደሴት እንሥላለን፤ የአስማቱም ትምህርት ቤት በዚያ ይቆማል።

በዚያ ትምህርት ቤት ኀይል የሚገኘው በቃል ነው። ድግምት የሚፈልግ ተጫዋች እንደ ቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅ ያለው ዐረፍተ ነገር ራሱ መፍጠር አለበት። ለምሳሌ የተራበ ዘበኛ በሩን ዘግቶ «ምን ይዘሃል?» ቢለው፣ ተማሪው «ከሐይቁ ዳር አድሬ አሣለኝ» ብሎ ይመልሳል። ሰሙ የሐይቁ ብርድ አሳለኝ ማለት ነው፤ ወርቁ ግን ዓሣ አለኝ ነው። ወርቁ ከገባው ዘበኛው በሩን ይከፍታል። ሰሙ አምሮ ወርቁ የታጣ እንደ ሆነ ግን ቃሉ ወደ ተናጋሪው ይመለሳል፤ ከወረቀቱም አንድ ብርታት ይፋቃል። አማርኛ መምህራችን ይህን ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

አደጋው ከየት ይምጣ? አንዳንዱ ከሐይቁ ይምጣ፤ ነፋስ ሲነሣ ማዕበል አለ፤ በደንገሉ መካከል ጉማሬ አለ። አንዳንዱ ከረኀብ ይምጣ። ትልቁ ግን፣ ቅድም እንደ ተናገርሁት፣ ከራሱ ከተማሪው ትዕቢት ይምጣ። ከደረጃው በላይ የሆነ መጽሐፍ በመምህሩ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ ቁልፉም የት እንደሚሰቀል ያውቃል። ማንም አያስገድደውም።

መሪው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ሦስት ሕጎች አሉ። አንደኛ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ምልክቱ ይታይ። ጉማሬው ታንኳውን ከመገልበጡ በፊት ዓሣ አጥማጁ «በዚህ አትለፉ» ይበል፤ የተሰበረ መቅዘፊያ በዳር ይታይ። ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ሌላ መንገድ ይኑር፤ ረጅምም ቢሆን፣ የሚያሳፍርም ቢሆን ይኑር። ምርጫ የሌለበት አደጋ ጨዋታ አይደለም፤ ግፍ ነው። ሦስተኛ፣ ዋጋው አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ። ተጫዋቹ ከወደቀ በኋላ ቅጣት የሚፈልግ መሪ ዳኛ መሆኑ ቀርቶ ባለጋራ ሆኗል።

ዕጣውም በሒሳብ ይታሰብ። በአንድ ዳይስ አንድ ቁጥር ሲወጣ ሰው ይሞታል ብንል፣ ከስድስት አንድ ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያው ሰው አራት ጊዜ ዕጣ ቢጥል የመትረፉ ዕድል ከ1,296 625 ብቻ ነው፤ ከግማሽ ያንሳል። በአንድ ምሽት አራት ዕጣ ይጣላልና ከአምስቱ ተማሪዎች ሁለት ሦስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይቀበራሉ። ሁለት ዳይስ ጥለን ሁለቱም አንድ ሲያሳዩ ብቻ ይሙት ብንል ግን ዕድሉ ከ36 አንድ ነው፤ 24 ጊዜ ከተጣለም በኋላ ከ100 ሰው 51 ያህሉ ይተርፋል። መሪው ይህን ሳያሰላ «ዕጣው ነው የገደለህ» ቢል ሐሰት ነው፤ ዕጣውን የሠራው እርሱ ነውና። ደግሞም መሪው ዕጣውን ሁሉ ሰው እያየ ይጣል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

በሐሳብ የተፈጠረው ሰው ሲሞት የያዘው ተማሪ ከጠረጴዛው አይነሣም። አዲስ ተማሪ ሆኖ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በሚቀጥለው ታንኳ ወደ ደሴቱ ይምጣ። የሞተውም አይረሳ፤ ወንበሩ ባዶ ይቀመጥ፤ የጀመረውን ቅኔ ጓደኞቹ ይፈጽሙለት። ሞት ትርጉም የሚኖረው የቀሩት ሰዎች ከእርሱ በኋላ የተለወጡ እንደ ሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን መጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። በወረቀት ላይ ያለው ሰው ቢጎዳ ጨዋታ ነው፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተማሪ ቢጎዳ ግን ጨዋታ አይደለም። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን ወንድሙን ወይም አባቱን ውኃ የወሰደበት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት መሪው እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቅ፤ «በጨዋታችን ውስጥ እንዳይገባ የምትፈልገው ነገር አለን?» ይበል። ውኃ ካለ ማንም በውኃ አይሞትም፤ ምክንያቱም አይጠየቅም፤ ለሌላውም አይነገርም። በመካከልም የጨነቀው ሰው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ቢያኖር ታሪኩ ወዲያው ያቆማል። ይህ ሕግ ጨዋታውን የሚያቀዘቅዝ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ያደፋፍራል እላለሁ፤ ልጓም ያለው ፈረስ ነው በድፍረት የሚጋለበው።

ውድ ጓደኞቼ፤ በጨዋታው ጊዜ መሪው ንጉሥ ነው። ማዕበሉን ያስነሣል፤ በሩን ይዘጋል፤ የፈለገውን ሁሉ ሊገድል ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። እንዲህ ያለ ሥልጣን ይዞ ምልክት የሚያሳይ፣ መውጫ የሚተው፣ ዋጋውን አስቀድሞ የሚናገር፣ ዕጣውን በግልጥ የሚጥል ልጅ የተማረው አስማት አይደለም፤ ፍርድ ነው። ነገ ከእናንተ አንዱ ሐኪም ሆኖ ለበሽተኛ ስለ ቀዶ ሕክምና ይነግራል፤ አንዱ መሐንዲስ ሆኖ ሰው የሚሻገርበትን ድልድይ ያቅዳል፤ አንዱ በዳኝነት ወንበር ይቀመጣል። ሌላው ሰው የሚጋፈጠውን አደጋ ያን ጊዜ የምታሰሉት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ለመጀመር የምትፈልጉ ሁሉ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ሁለት ዳይስ ይበቃችኋል። ስድስተኛውን ደሴት ሣሉት። የመጀመሪያውንም ገጽ ለካርታው ሳይሆን ለሕጉ ተዉት።

ትምህርት ቤታችንን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ በዓሉንም ከዓመት ዓመት ያድርስልን።