አሠልጣኙና ባለዝናው ተጫዋች



በዛሬው ምሽት ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። የኳስ ነገር የማይጥመው አድማጭ ቢኖር ግን ራዲዮኑን ከመዝጋቱ በፊት ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ፤ የንግግሬ መነሻ ኳስ ይሁን እንጂ መድረሻው አዛዥና ታዛዥ ባሉበት ስፍራ ሁሉ የሚያጋጥም ችግር ነውና። አሠልጣኝ የማዘዝ ሥልጣን አለው፤ ባለዝና ተጫዋች ደግሞ በሌላው ዘንድ የማይገኝ ችሎታ አለው። ሥልጣንና ችሎታ ሲስማሙ ቡድኑ ይከበራል፤ ሲጣሉ ግን አጥፊው ማን እንደ ሆነ ገና ሳይለይ ድሉ ለተጋጣሚ ያልፋል። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የቅርጫት ኳስን በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈለሰፈው ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የስፖርት መምህር ነው። ይህ ጨዋታ በአሠልጣኝና በተጫዋች መካከል ጠብ እንዲበዛ የሚያደርጉ ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛው የተጫዋቾቹ ቁጥር ነው። በእግር ኳስ ከአንድ ወገን አሥራ አንድ ሰዎች ሲሰለፉ በቅርጫት ኳስ የሚሰለፉት አምስት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ እጅግ የበረታ ሰው የጨዋታውን መልክ ብቻውን ሊለውጠው ይችላል። ይህንንም ተጫዋቹ ራሱ ያውቀዋል፤ ተመልካቹም በጭብጨባው ያስታውሰዋል። ሁለተኛው ጠባይ የመቀያየሩ ሕግ ነው። በታላላቅ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ተቀይሮ የወጣ ሰው በዚያው ግጥሚያ ተመልሶ አይገባም፤ በቅርጫት ኳስ ግን አሠልጣኙ አንዱን ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጊዜ ሊያስወጣውና ሊመልሰው ይችላል። እንግዲህ ኮከቡ ኳሱን ቢይዝ አሠልጣኙ ደግሞ ወንበሩን ይዟል ማለት ነው። አሁን የማወራላችሁ ታሪክም ፍጻሜውን ያገኘው በዚያ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ነው።

ዊልት ቼምበርሌን ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር የሆነ፥ ጉልበቱም ከቁመቱ የማያንስ ሰው ነበር። ማርች 2 ቀን 1962 ዓ.ም. በአንድ ግጥሚያ ብቻውን 100 ነጥብ አስቈጠረ፤ በዚያው የውድድር ዘመን በየግጥሚያው ያስቈጠረው ነጥብ በአማካይ ከ50 በላይ ነበር። ይህ ሰው በ1968 ዓ.ም. ከፊላደልፊያ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛወረ። በዚያም ጄሪ ዌስትና ኤልጂን ቤይለር የተባሉ ሁለት ስመ ጥር ተጫዋቾች ስለ ነበሩ፥ ሦስቱ በአንድነት ከተሰለፉ የሚያሸንፋቸው አይገኝም ተብሎ ተነገረ።

የሌከርስ አሠልጣኝ ቡች ቫን ብሬዳ ኮልፍ ደግሞ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ1967 ዓ.ም. የመጣ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገርና በሐሳቡ የሚጸና ሰው ነበር። እርሱ የሚወደው ጨዋታ አምስቱም እየሮጡና እየተቀባበሉ የሚጫወቱትን ነው። ቼምበርሌን ግን ከልማዱ በቅርጫቱ አጠገብ ቆሞ ኳሱ እንዲመጣለት ይጠብቅ ነበር። አሠልጣኙ፥ «አንተ እዚያ በመቆምህ ቤይለር ወደ ቅርጫቱ የሚገባበት መንገድ ተዘጋ፤ ራቅ ብለህ ቁም» የሚል አሳብ ያዘ። ተጫዋቹ በበኩሉ፥ ኃይሉ የሚሠራው በቅርጫቱ አጠገብ መሆኑን፥ ከዚያ ማራቅም ኃይሉን ማባከን መሆኑን ያምን ነበር። ሁለቱም የያዙት ነገር ከእውነት የራቀ አልነበረም። ዳሩ ግን ነገሩ በመመካከር ሳይቋጭ ቀረና፥ ከልምምዱ አዳራሽ ወጥቶ የጋዜጣ ወሬ ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ ቂም በቂም ላይ ሲደራረብ ቆየ።

ሜይ 5 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌከርስና ቦስተን ሴልቲክስ ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈው፥ ሻምፒዮናውን ለሚለየው ለሰባተኛው ግጥሚያ በሎስ አንጀለስ አጠገብ በኢንግልውድ ተገናኙ። ሌከርስ ከ1959 ዓ.ም. ወዲህ በፍጻሜው ውድድር ስድስት ጊዜ በሴልቲክስ ተሸንፎ ስለ ነበር፥ የዚያን ዕለት ቂሙን እንደሚወጣ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጓል። የቡድኑም ባለቤት ለድሉ በዓል በሺሕ የሚቈጠሩ ፊኛዎች ከአዳራሹ ጣራ ሥር አሰቅለው ነበር።

ጨዋታው ግን እንደ ታሰበው አልሄደም። ሴልቲክስ በ17 ነጥብ እስከ መምራት ደረሰ። ሌከርስ ጥቂት በጥቂት ሲያቃርበው ቆይቶ፥ ጨዋታው ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ቼምበርሌን ከዘለለበት ሲያርፍ ጉልበቱ ተጎዳ፤ እያነከሰም ወጣ። በእርሱም ፈንታ ሜል ካውንትስ ገባ። ጓደኞቹ በብርታት ታግለው የነጥቡን ልዩነት ወደ አንድ አደረሱት። በዚህ ጊዜ ቼምበርሌን ሕመሙ እንደ ቀለለለትና ለመግባት ዝግጁ እንደ ሆነ ለአሠልጣኙ ነገረው። አሠልጣኙ ያለ እርሱም ደኅና እየተጫወቱ መሆናቸውን ገልጾ አልፈቀደለትም። ደግሞ ቢጠይቀውም መልሱ ያው ሆነ። ከዚያም የሴልቲክሱ ዶን ኔልሰን የወረወረው ኳስ ከቅርጫቱ ብረት ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ከነጠረ በኋላ ተመልሶ ቁልቁል ገባ። ሴልቲክስ 108 ለ106 አሸነፈ። በ43 ደቂቃ ውስጥ ነጥሮ የተመለሰ 27 ኳስ የያዘው ሰው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ተቀምጦ ተመለከተ፤ ፊኛዎቹም ለበዓል ሳይወርዱ እንደ ተሰቀሉ ቀሩ።

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚለውን ምሳሌ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ጄሪ ዌስት በዚያች ቀን 42 ነጥብ አስቈጥሮ ነበር። ለፍጻሜው ውድድር ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት በዚያ ዓመት ሲጀመርም ከተሸናፊው ወገን ሳለ ተሸላሚ ሆነ። ስለሌላው ሰው ጠብ የከፈለውን ዋጋ ግን ሽልማቱ አይተካለትም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ተጫዋቹ በራሱ ጊዜ ከወጣ በኋላ የገቡት ሲያቃኑት፥ እነርሱን አላናጋም ማለት የአሠልጣኝ መብት ነው። ቼምበርሌን ቢገባ ኖሮ ሌከርስ ያለ ጥርጥር ያሸንፍ ነበር ብሎ መማልም አይቻልም። በሌላው ወገን ደግሞ፥ የሁለት ነጥብ ጨዋታ ሲሆን እንደ እርሱ ያለውን ሰው በወንበር ላይ ማስቀመጥ ለማንም የሚዋጥ ነገር አይደለም። በዚያች ሰዓት አሠልጣኙ በልቡ ያሰበውን እርሱ ብቻ ያውቃል። እኛ የምናየው ግን አንድ ነገር ነው፤ መተማመን በጠፋበት ስፍራ ትክክለኛው ትእዛዝ በቀል ይመስላል፤ ትክክለኛው ልመናም ትዕቢት ይመስላል። አንድ ዓመት ሙሉ ሲኳረፉ የኖሩ ሰዎች በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች መደማመጥ አይችሉም። «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ማለት ይህ ነው።

የባላጋራቸውን ወገን ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የሴልቲክሱ ቢል ራስል ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ተጫዋችም አሠልጣኝም ነበር። ስለዚህ አዛዡና ኮከቡ በአንድ ሸሚዝ ውስጥ ነበሩ፤ ጓደኞቹን ሩጡ ሲል አብሮ ይሮጣል፤ ደከመን ሲሉትም ድካሙን በራሱ እግር ያውቀዋል። ያ ግጥሚያ የመጨረሻው ሆነና በ13 የውድድር ዘመን 11 ሻምፒዮና ይዞ ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ በኋላ ግን ራስል፥ ቼምበርሌን በዚያ ሰዓት መውጣት አልነበረበትም ብሎ በአደባባይ ስለ ተናገረ፥ የቆየ ወዳጅነታቸው ፈርሶ ለብዙ ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ቫን ብሬዳ ኮልፍም ወዲያው ሌከርስን ትቶ ወደ ዲትሮይት ሄደ።

ምናልባት አንዳንድ አድማጭ፥ «ያ ተጫዋች የማይታዘዝ ሰው ነበር» ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ነገር ግን ታሪኩ ይህን አይመሰክርም። ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፥ የፊላደልፊያው አሠልጣኝ አሌክስ ሃነም ነጥብ ማስቈጠሩን ቀንሶ ለጓደኞቹ ኳስ እንዲያቀብል ጠይቆት ነበር። ሰባት ዓመት በተከታታይ በነጥብ አንደኛ የነበረው ሰው እሺ አለ፤ በየግጥሚያው ያስቈጥረው የነበረው ነጥብ በአማካይ ከ33 ወደ 24 ወረደ። ቡድኑ ግን 68 ጊዜ አሸንፎ 13 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ስምንት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረውንም ሴልቲክስ አስወጥቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ሁለተኛው ምስክር ቢል ሻርማን ነው። ሻርማን በ1971 ዓ.ም. የሌከርስ አሠልጣኝ ሲሆን በግጥሚያ ቀን ጧት ጧት ቀላል ልምምድ የማድረግን ሥርዓት አመጣ። ቼምበርሌን ሌሊት አምሽቶ ጧት አርፍዶ የሚነሣ ሰው ስለ ነበር ይህ ሊያጣላቸው በቻለ ነበር። ሻርማን ግን በሰው ፊት አላዘዘውም፤ ምክንያቱን አስረድቶ ይሞክረው ዘንድ ጠየቀው። ከዚህም ሌላ ነጥብ ማስቈጠሩን ለጓደኞቹ ትቶ ቅርጫቱን እንዲከላከል፥ የነጠረውንም ኳስ ይዞ ለሚሮጡት እንዲያቀብል ለመነው። ተጫዋቹም ተቀበለ። ሌከርስ 33 ግጥሚያ በተከታታይ አሸነፈ፤ ይህም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይሰበር የኖረ ታሪክ ነው። በሜይ 1972 ዓ.ም. የመጨረሻው ግጥሚያ ሲደርስ ቼምበርሌን እጁ ተጎድቶ ሳለ ተሰልፎ 24 ነጥብ አስቈጠረ፤ 29 የነጠረ ኳስም ያዘ። ሌከርስ ሻምፒዮን ሆነ። ሻርማን በዚያ ዓመት ከጨዋታው ጩኸት ብዛት ድምፁ ተጎድቶበት ነበር፤ እንደ እርሱ የተደመጠ አሠልጣኝ ግን ሌከርስ ከዚያ በፊት በሎስ አንጀለስ አላገኘም።

በእርግጥ ተጫዋቹ አሠልጣኙን የረታበትም ጊዜ አለ። በኖቬምበር 1981 ዓ.ም. የዚያው የሌከርስ ኮከብ ማጂክ ጆንሰን ከአሠልጣኙ ከፖል ዌስትሄድ ጋር ባለመስማማቱ ወደ ሌላ ቡድን እንዲዛወር ጠየቀ። ዌስትሄድ የ1980 ዓ.ም. ሻምፒዮና ያስገኘ ሰው ቢሆንም በማግሥቱ ተሰናበተ፤ ቡድኑም በ1982 ዓ.ም. በፓት ራይሊ አሠልጣኝነት ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። ይህን አይቶ፥ «ኮከቡ ካለ አሠልጣኝ ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ራይሊም ማዘዙን አልተወም፤ ተጫዋቾቹም መታዘዛቸውን አልተዉም። የተለወጠው በሁለቱ መካከል የነበረው መተማመን ነው።

አድማጮቼ፤ ይህ ነገር በእኛም መሥሪያ ቤት፥ በእኛም ትምህርት ቤትና የእጅ ሥራ ቤት የማይታይ አይደለም። እጁ ከሌሎቹ ሁሉ የሠለጠነ ሠራተኛ አለ፤ እርሱም ያለ እኔ ሥራው ይቆማል ይላል። በላዩ የተሾመ አለቃም አለ፤ እርሱ ደግሞ ማን አዛዥ እንደ ሆነ ላሳየው ይላል። አለቃው ሠራተኛውን የረታ ለት ሥራው ይበደላል፤ ሠራተኛው አለቃውን የረታ ለትም ሥርዓቱ ይፈርሳል። ስለዚህ አለቃ የሆነ ሰው ትእዛዙን ከመስጠቱ በፊት ምክንያቱን ለብቻ ጠርቶ ያስረዳ፤ በጉባኤ ፊት የተዋረደ ሰው በጉባኤ ፊት እሺ አይልምና። ባለ ችሎታ የሆነውም ሰው ችሎታው ከጓደኞቹ ጋር ካልተቀናጀ ፍሬው ለባላጋራ እንደሚተርፍ ይወቅ። አንድ ሰው 100 ነጥብ ማስቈጠሩ ያስደንቃል፤ ያው ሰው ሻምፒዮን የሆነው ግን ለሌላው ማቀበልን በተቀበለበት ዘመን ነው።

ቅሬታም ካለ በጊዜው ይነገር። ለመነጋገር የሚሻለው ቀን የልምምዱ ቀን ነው፤ በፍጻሜው ግጥሚያ፥ ሦስት ደቂቃ ሲቀር፥ ጊዜው አልፏል።