የግፊት ሮንዴላና የሞተር ዕድሜ፦ ከቆዩ የስፖርት መኪናዎች የምናገኘው ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ እጅግ ትንሽ ዕቃ ነው። በመዳፍ ላይ ሲያኖሩት ክብደቱ አይሰማም፤ ውፍረቱ ከሁለት ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ዋጋውም ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ በጊዜው ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነ፣ ፋብሪካው ዳግመኛ የማይሠራውን የሞተር ብሎክ ከጥቅም ውጭ ለማድረግ ይበቃል። የእንግሊዝኛ የጥገና መጻሕፍት «ትረስት ዋሸር» ይሉታል፤ እኔ በዚህ ንግግር «የግፊት ሮንዴላ» እለዋለሁ።

ለምሳሌነት የመረጥኳቸው በእንግሊዝ አገር የተሠሩ የቆዩ የስፖርት መኪናዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዷ ከ1962 እስከ 1980 የተሠራችው ትራያምፍ ስፒትፋየር ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ከ1968 እስከ 1976 የተሠራችው ትራያምፍ ቲ አር 6 ናት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመጀመሪያዪቱ ከ300,000 በላይ፣ ከሁለተኛዪቱም ከ90,000 በላይ ከፋብሪካ ወጥተዋል። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ዛሬም በባለቤቶቻቸው ፍቅርና ትጋት በመንገድ ላይ ይገኛሉ። የመረጥኳቸውም ስለ ውበታቸው ሳይሆን፣ የግፊት ሮንዴላቸው ድካም በግልጽ የታወቀ በመሆኑና ከዚሁ ድካም ለማንኛውም ሞተር የሚሆን ትምህርት ስለሚገኝ ነው።

እንደምታውቁት የክራንክ ሻፍት ዋና ሥራው መዞር ነው። የፒስተኖቹ ኃይል ወደ ታች ሲጫነው ዋናዎቹ ብሮንዚናዎች ይሸከሙታል። ነገር ግን ሻፍቱ በርዝመቱ አቅጣጫ፣ ማለት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ሌላ መያዣ ያስፈልገዋል። በነዚህ የትራያምፍ ሞተሮች ይህን ሥራ የሚሠሩት፣ ከቮላኖው አጠገብ ባለው በመጨረሻው ዋና ብሮንዚና ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት ግማሽ ቀለበቶች ናቸው። ጀርባቸው ብረት ነው፤ ፊታቸው በስስ ለስላሳ የብሮንዚና ማዕድን የተለበጠ ሲሆን፣ ዘይት የሚሄድባቸው ቦዮች ተቀርጸውበታል። የሚቀመጡትም በብሎኩ በኩል ባለው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ በታችኛው ቆብ በኩል አጣማጅ የላቸውም። ስለሆነም ሙሉ ክብ ሊካፈለው ይችል የነበረውን ጭነት ግማሽ ክብ ብቻውን ይሸከመዋል።

ጭነቱስ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከነጂው እግር ነው። ፍሪሲዮን በተረገጠ ጊዜ የመልቀቂያው ኩሽኔታ የፍሪሲዮኑን ሞላ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ግፊቱ በቮላኖው በኩል ወደ ክራንክ ሻፍቱ ይተላለፍና ሻፍቱን በመላው ወደ ፊት ያስኬደዋል። ያን ጊዜ የሻፍቱ ጠርዝ የኋላውን ሮንዴላ ከብሎኩ ጋር አጣብቆ እየፈተገው ይዞራል። ፊተኛው ሮንዴላ ግን ከዚህ ጭነት ነፃ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተፈትተው ሲታዩ ብዙውን ጊዜ ፊተኛው እንደ አዲስ ሆኖ፣ የኋላው ተበልቶ ይገኛል።

የድካሙን ምክንያት በጥልቀት ለመረዳት ወደ ቅባት ሳይንስ መሠረት መመለስ ይገባል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ዘይት ሁለት ተንሸራታች ገጾችን ለያይቶ ጭነት የሚሸከመው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየሄደ የሽብልቅ ቅርጽ ሲኖረው ነው። በዚሁ መሠረት አውስትራሊያዊው አንቶኒ ሚቸልና አሜሪካዊው አልበርት ኪንግስበሪ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ እንደ ጭነቱ የሚያዘነብሉ ንጣፎች ያሉትን የግፊት ተሸካሚ ፈለሰፉ። ዛሬ የታላላቅ መርከቦችና የውኃ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ግፊት የሚያርፈው በዚህ ዓይነት ተሸካሚ ላይ ነው። የመኪናችን ግማሽ ቀለበት ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ሽብልቅ የሚፈጥርበት ዘዴው እጅግ ጥቂት ነው። ዘይትም የሚደርሰው ከጎኑ ካለው ብሮንዚና ከሚያመልጠው ነው እንጂ የራሱ ቧንቧ የለውም። እንግዲህ ይህ ዕቃ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ጭነት ነው፤ ማርሽ እስኪቀየር ድረስ ተሸክሞ ወዲያው እንዲያርፍ ታስቦ ነው።

ታዲያ ነጂው በትራፊክ መብራት ፊት ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ቢቆም ምን ይሆናል? ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ የሚዞር ነው እንበል። በቀን ሃያ ጊዜ ለአንድ አንድ ደቂቃ እንዲህ ቢቆም፣ የኋላው ሮንዴላ በሙሉ ጭነት ሥር 16,000 ጊዜ ይፈተጋል ማለት ነው። ሌላም ልማድ አለ። በቅርብ ዘመን ከተሠሩ መኪናዎች ብዙዎቹ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሡም። በእነርሱ የለመደ ሰው አሮጌዪቱንም መኪና እንዲሁ ያስነሣታል። ሌሊቱን ቆማ ባደረች መኪና ውስጥ ግን ዘይቱ ከገጾቹ ላይ ወርዷልና የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በደረቅ ብረት ላይ ይሆናሉ። በነዚህ መኪናዎች የሚሻለው ካምቢዮውን ነፃ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማስነሣት ነው።

ሮንዴላው እየሳሳ ሲሄድ ሻፍቱ ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት ይጨምራል። ከመጠን በላይ በሳሳም ጊዜ ከመቀመጫው ተንሸራቶ በዘይት ገንዳው ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ በሻፍቱና በብሎኩ መካከል ምንም የለም፤ የሚዞረው ብረት ቋሚውን ብረት ይበላል፤ ብናኙም ከዘይቱ ጋር ወደ ሌሎቹ ብሮንዚናዎች ይዛመታል። የተጎዳውን ገጽ በማሽን አስተካክሎ ወፍራም ሮንዴላ ማግባት አንዳንድ ጊዜ ይቻላል፤ ነገር ግን ሞተሩን በሙሉ መፍታትን፣ የሠለጠነ እጅንና ብዙ ወጪን ይጠይቃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የፊተኛው ፑሊ ወደ ፊት ሲሄድ በዓይን ይታያል፤ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ይለዋወጣል። ይሁን እንጂ ምልክቱ በዓይን እስኪታይ መጠበቅ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም። ሥራችን መለካት ነው፤ መለኪያውም ቀላል ነው።

ሞተሩ ይጥፋ፤ ካምቢዮው ነፃ ይሁን፤ መኪናዪቱም እንዳትንቀሳቀስ ትያዝ። የዳያል ጌጁ መቆሚያ በማይነቃነቅ የሞተሩ አካል ላይ ይጽና፤ የጌጁም ጫፍ ከሻፍቱ ጋር ትይዩ ሆኖ በፊተኛው ፑሊ ላይ ይረፍ። ቀጥሎ ሻፍቱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይገፋና ጌጁ ዜሮ ላይ ይደረግ። ከዚያም ረዳት ፍሪሲዮን ይርገጥ፤ ቁጥሩም ይነበብ። ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አንድ ዓይነት ውጤት ካልተገኘ መቆሚያው ስለ ላላ እንደ ገና ይጀመራል። ለቲ አር 6 የተፈቀደው ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.36 ሚሊሜትር፣ ማለት ከ6 እስከ 14 ሺህኛ ኢንች ነው።

ክፍተቱ ካለፈ፣ በነዚህ መኪናዎች ሞተሩን ሳያወጡ ሮንዴላዎቹን መለወጥ ይቻላል። መኪናዪቱ በጽኑ መቆሚያ ላይ ትነሣለች፤ ዘይቱ ይቀዳል፤ የዘይት ገንዳውም ይወርዳል። ገንዳው ሲወርድ ከሁሉ በፊት ውስጡ ይመርመር፤ የሮንዴላ ስባሪ ወይም የብረት ብናኝ ከተገኘ ነገሩ ከሮንዴላ መለወጥ ያለፈ ነውና ሞተሩ ወጥቶ መፈታት አለበት። ደኅና ከሆነ የኋለኛው ብሮንዚና ቆብ ይፈታል፤ የሮንዴላውም አንድ ጫፍ በቀጭን እንጨት ሲገፋ በሻፍቱ ዙሪያ ተንሸራቶ ይወጣል። በካቻቢቴ መጎርጎር የሻፍቱን ገጽ ስለሚጭር አይገባም።

የወጡት ሮንዴላዎች በማይክሮሜትር ይለኩ። አንድ የስሌት ምሳሌ ላቅርብ። ጌጁ 0.48 ሚሊሜትር አነበበ እንበል። የኋላው ሮንዴላ 2.11፣ ፊተኛው 2.31 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ አዲሶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 2.33 ናቸው። በአዲሶቹ ብንተካ ከኋላ 0.22፣ ከፊት 0.02፣ በድምሩ 0.24 እናተርፋለን፤ ክፍተቱም ወደ 0.24 ይወርዳል። ይህ በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ነው። አንዳንድ ሰው ግን «ይበልጥ ይጥበቅ» ብሎ በ0.13 የሚወፍረውን ሮንዴላ ከኋላ ቢያገባ ክፍተቱ 0.11 ይሆናል፤ ከታችኛው ወሰን አለፈ ማለት ነው። ክፍተቱ የዘይቱ ማደሪያ መሆኑን አንርሳ፤ ማደሪያ የሌለው ዘይት አይገባም፤ ዘይት ያልገባበትም ሮንዴላ በሙቀት ይቃጠላል። ወፍራሙ ሮንዴላ የሚያስፈልገው የሻፍቱ ወይም የብሎኩ ገጽ ራሱ ተበልቶ በመደበኛው ወሰኑ ውስጥ መግባት ሲያቅት ነው።

ሮንዴላው ሲገባ ቦይ ያለበት ፊቱ ወደ ሻፍቱ መመልከት አለበት። ተገልብጦ ከገባ የብረት ጀርባው ሻፍቱን ይበላል። ቆቡ ተመልሶ ቡሎኖቹ በመጽሐፉ ልክ ከጠበቁ በኋላ፣ ገንዳው ከመታሰሩ በፊት ክፍተቱ ዳግመኛ ይለካ።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶች የታችኛውን ቆብ በማሽን ቆርጠው በዚያም በኩል ግማሽ ቀለበት በመጨመር ክቡን ሙሉ ያደርጉታል። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኤም ጂ ቢ ሞተር የመካከለኛውን ብሮንዚና የሚከቡት አራት ግማሽ ቀለበቶች ናቸው፤ ክፍተቱም ከ0.10 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን በቆብና በብሎክ ላይ ያሉት ገጾች በአንድ ደረጃ ካልዋሉ የተጨመረው ቀለበት ጭነት አይካፈልም፤ የተቆረጠውም ቆብ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ እኔ የምመክረው አስቀድሞ ለጥቂት ዓመታት እየለኩ መመዝገብን ነው። በዓመት የሚበላው መጠን ጥቂት ከሆነ የነጂውን ልማድ ማረምና ሮንዴላውን በጊዜው መለወጥ ይበቃል።

ነገሩ ለስፖርት መኪና ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን። በከተማችን በሰፊው የምናውቃት የቀድሞዪቱ ቮልስዋገን ቢትልም የራሷ ልክ አላት። ክፍተቷ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ሲሆን የሚስተካከለው በቮላኖው በኩል በሚገቡ ሦስት ስስ ሮንዴላዎች ነው፤ 0.15 ሲደርስም የመበላት ወሰኗ ነው። አሠራሩ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ ስንት ነው?

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ «ሞተሩ ደኅና ነው» የሚለው ቃል ከማንም አፍ ሊወጣ ይችላል። ከመሐንዲስ አፍ ሲወጣ ግን ከቁጥርና ከቀን ጋር መሆን አለበት። አሮጌ መኪና የሚጠግን ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይህን ክፍተት ለክቶ በመኪናዪቱ መዝገብ ላይ ቢጽፍ፣ የሚገዛም ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ያንኑ ቁጥር ቢጠይቅ፣ በቸልታ የሚጠፋ ብዙ ብሎክ ይድናል። ሥራው የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም፤ የሚጠብቀው ግን ፋብሪካው ከተዘጋ ከብዙ ዓመታት በኋላ ማንም ሊተካው የማይችለውን ነው።